ግሥ ለብቻው ከቤት አይወጣም

በዚህ አገር ጡረታ የሚወጣው የአስተማሪ ደሞዝ ነው እንጂ አስተማሪው አይደለም። ጠመኔውን ቢቀሙት በጣቱ ያስተምራል። ጥቁር ሰሌዳ ቢያጣ የአንተን ግንባር ይጠቀማል። ክፍል ቢዘጋበት አስፋልቱን፣ ለቅሶ ቤቱን፣ የባጃጅ የኋላ ወንበሩን ክፍል ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የምትል ከሆነ ወይ ከተማ ውስጥ ኖረህ አታውቅም፣ ወይ ሰውዬው አንተው ነህ።

የእኛ የአምቦዎቹ ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ። ማዕረጋቸውን ሳላጓድል ላቅርብ፤ መምህር ኦቦ ደቻሳ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አዛውንት፣ የተውሳከ ግሥ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር በአምቦ፣ በጉደርና በአካባቢው። ተውሳከ ግሥ ማለት፣ ትምህርቱን ለረሳ ሰው ላስታውስና፣ አንድ ነገር እንዴት፣ የት፣ መቼ፣ ምን ያህልና በየስንት ጊዜው እንደተደረገ የሚናገር ቃል ነው። እንግሊዞች አድቨርብ ይሉታል። ኦቦ ደቻሳ ስለ እሱ ሲያወሩ ግን ስለ ታላቅ ወንድማቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። «ግሡማ በሬም አለው» ይላሉ። «በሬም ይበላል፣ በሬም ይተኛል፣ በሬም ይሄዳል። ሰውን ሰው የሚያደርገው እንዴት እንደሄደ ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ያነሡና ማሳረጊያውን ያመጣሉ፤ «ግሥ ለብቻው ከቤት አይወጣም።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ጉርብትና ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ጠዋት ሱቅህን ልትከፍት ትወጣለህ። ወዴት ነው ይሉሃል፤ ደግ፣ ይህንን ማንም ይጠይቃል። ወደ ሱቅ እየሄድኩ ነው ትላለህ። «እንዴት?» በእግሬ ነዋ ትላለህ። «እሱ በምን ነው። እኔ እንዴት ነው ያልኩህ። ቀስ ብለህ ነው፣ ተጣድፈህ ነው፣ እየተጎተትክ ነው?» ይህን ጊዜ በእርግጥም እየተጎተትክ ነው። አንድ ጊዜ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በሰፈሩ እየዞረ የአንድ አዛውንት ጎረቤታችንን ሞት ሲናገር ኦቦ ደቻሳ በራቸው ላይ አስቆሙትና እንዴት ሞቱ ብለው ጠየቁት። በድንገት አለ፣ እንባ እየተናነቀው። «ጎበዝ» አሉት።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅሁት በመድኃኒት ምክንያት ነው። አውቶብስ ተራው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ አለችኝ። ኮሌጅ የቀመስኳት እንግሊዝኛ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ታነብልኛለች፤ ከዚያ በታች ያለው ጥቃቅን ጽሑፍ ጋ ስትደርስ ግን ደክማ ትቀመጣለች። ስለዚህ ሃምሳን ከዘለልኩ በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ የሚሰጡት ነፃ ትምህርት ገባሁ። በድንኳን ቋሚዎችና በትልልቅ የተዝካር ድስቶች መሃል አግዳሚ ላይ ተደርድረን ነው የምንማረው። ሞት ሲኖር ድስቶቹ ይወጣሉ፣ ክፍሉም ሰፋ ይላል።

ኦቦ ደቻሳ የሚያስተምሩት ሰው አሰልፈው ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ኦልዌይስ ይቆማል፤ ሁልጊዜ ማለት ነው። ቀጥሎ ዩዥዋሊ፣ አብዛኛውን ጊዜ። መሃል ላይ ሰምታይምስ፣ አንዳንዴ። ከዚያ ሬርሊ፣ ከስንት አንዴ። ሌላው ጫፍ ላይ ኔቨር፣ በፍጹም። ማን የት እንደሚቆም የሚወስኑት የቤት ሥራ እያዩ ነው። ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡት ሐጂ አብዱልከሪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኦልዌይስ ናቸው፤ እንዲያውም እዚያ ጫፍ ላይ ለራሳቸው ትራስ አምጥተዋል። እኔ ሬርሊ ነኝ። ይህ በክፍል ውስጥ ቢቀር ምን ነበረበት። ከተማው ሰማ። አሁን ከካቺሲ ድረስ በሬው ታሞበት የሚመጣ ሰው አውቶብስ ተራው ላይ ወርዶ «የሬርሊ ሱቅ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ተስፋ ቆርጠን ነበር ስልህ አጋንኜ አይደለም። ከተውሳከ ግሥ አልፈን አናውቅም። ስለ ጊዜ አስተምሩን ብንላቸው «መቼ የሚለው ሳይገባህ ስለ ጊዜ ምን ታወራለህ?» ይላሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በጣም የሚለውን ቃል ከልክለውናል። «ቬሪ የሰነፍ ምርኩዝ ነው» ይላሉ። «በጣም የሚል ሰው የሚለው ያጣ ሰው ነው።» በጣም ያለ ተማሪ የተሻለ ቃል እስኪያገኝ ድረስ ቆሞ ይቆያል። ሐጂ እንኳ አንድ ቀን ሙቀቱ በጣም ነው ብለው ትራሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ወጣቱ በበኩሉ ስልኩን አውጥቶ በአንድ ንክኪ ይተረጉማል። እኛ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የኦልዌይስን መቀመጫ ስንፈልግ፣ እነሱ አዲስ አበባ ሄደው ሥራ ተቀጥረው፣ ለእረፍት ተመልሰው መጥተው እዚያው ፍለጋው ላይ ያገኙናል።

እኛስ እሁድ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚማሩት እትዬ አስካለች ናቸው፤ ባለቤታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርተው፣ የስንቱን ሕመምተኛ ጩኸት ችለው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። እንዴት እንደቻሏቸው ከተማው ሁሉ ይገረም ነበር። ባለፈው ሐምሌ ግን መቻላቸው አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እራት ላይ እትዬ አስካለች ደክሞኛል አሉ። ኦቦ ደቻሳ እንጀራቸውን እንደጠቀለሉ ቀና አሉና ምን ያህል ሲሉ ጠየቁ። «እስከ ጊንጪ ድረስ» አሉ እትዬ አስካለች። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው፣ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥለው፣ እውነትም ጊንጪ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። የግድግዳ ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት፣ ኦቦ ደቻሳ ከበሩ ላይ ቆመው ሲሄዱ እያዩ «የቦታ ተውሳከ ግሥ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

ሳምንት ሲያልፍ ኦቦ ደቻሳ የእሁዱ ክፍል ሸሚዛቸውን ቁልፍ ዘለው ቆልፈው መጡ። ያስተምራሉ ግን ጣታቸው ወደ ጣሪያው አይደርስም። ሐጂና እኔ ተያየን። እሳቸውን ይዘን ሽምግልና መሄድ ነበረብን፤ ሌላ መንገድ የለም።

የጊንጪው ወንድም አሰፋ ይባላል፤ እህል ነጋዴ ነው። የጤፍ ጆንያዎቹ መሃል ወንበር ደርድሮ ተቀበለን። ውጭ የሚያልፈው አይሱዙ ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። እንደ ደንቡ ተከሳሹ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፣ ሽማግሌው ይጠይቃል። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። መቼ ወጣሽ አሏቸው። የት አደርሽ። በየስንት ጊዜው ያርምሻል። ሲናገርሽ እንዴት ነው፣ በቁጣ ነው፣ በለዘብታ ነው። እኔም ገባሁበት፤ ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ አልኩ። ጥጉን ዞር ብዬ ሳይ ኦቦ ደቻሳ ዓይናቸው እንደ ሻማ በርቷል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የገዛ ጥፋታቸው እየተመረመረ እሳቸው ማርክ ይሰጡን ነበር። ያን ጊዜ በሁላችንም ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ልናስታርቅ ሄደን ያው የእሁዱን ትምህርት ነበር ይዘን የቀረብነው።

እትዬ አስካለች ጥያቄው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አጣጥፈው ተናገሩ።

«ሐጂ፣ ይኸ ሰው የበሬውን እንዴት ጠይቋል፣ የመንገደኛውን እንዴት ጠይቋል፣ የሟቹን ሳይቀር ጠይቋል። እኔን ሸነን ከተማ እያስተማረ ሳለ፣ ገና ሳንጋባ፣ አንድ ቀን እወድሻለሁ አለኝ። ደግ። እንዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ግሡን ለብቻው ላከብኝና ቀረ።»

አይሱዙ እንኳ ያን ጊዜ አልነፋም። ኦቦ ደቻሳ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐጂ ቆይ ብለው እጃቸውን አነሡ፤ ተመልሰው ዘጉት።

ውሳኔው የሐጂ ነው፤ ወቀሳም ካለ ወደ እሳቸው ይሂድ። እትዬ አስካለች ቤታቸው ይመለሳሉ። ኦቦ ደቻሳ ደግሞ እስከ መስቀል ማንንም ላያርሙ፣ እንዴት የሚለውንም ቃል ላይናገሩ ይምላሉ። በእንግሊዝኛ ሊያመልጡ ይችላሉ ብለው የሰጉት ሐጂ አንዲት ነገር ጨመሩበት፤ «በየትኛውም ቋንቋ ከአፍዎ አይወጣም፣ መምህር።» ከወጣ እትዬ አስካለች ጊንጪ ይመለሳሉ፣ እኛም ዳግመኛ አንሄድም። ኦቦ ደቻሳ ማሉ። በብልህነታችን እየተደሰትን አንድ ሚኒባስ ሞልተን ወደ አምቦ ተመለስን።

ያጠፋነውን ያወቅነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ኦቦ ደቻሳ ከቤት ወጡ፤ ሰው አገኙ፤ ሰላም ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በአማርኛ እንዴት አደርክ ማለት አይችሉም። በኦሮምኛ ደግሞ አካም ነው፤ ያው እንዴት ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ ተብሏል። እንግሊዝኛውማ ራሱ ሃው ነው። አምቦ ውስጥ አካም ሳይባባሉ መተላለፍ ጠብ መፈለግ ነው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ብቻ አንሥተው ያልፋሉ። ሰዉ መጀመሪያ ታመዋል አለ። ቀጥሎ ኮርተዋል አለ። የገበያ ሴቶች ሎተሪ ደርሷቸዋል አሉ። አንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው እኔ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ጋሼ ምን አስቀየምኳቸው ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ።  አንገቴን ደፍቼ የበግ ክትባት አቀዘቀዝኩ።

እሁድማ አይነሣ። ስም የሚባለውን የቃል ክፍል አስተማሩን። ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው አሉ። ወንበርም ወንበር ነው። የሚሰለፍ የለም፣ የሚቆም የለም። ስንት ዓመት ከተውሳከ ግሥ አሳልፉን እያልን ስንለምን የኖርን ሰዎች፣ ባለፍን ጊዜ ከወዲያ ማዶ ምንም እንደሌለ አየን። የማደርገው ቢጠፋኝ ሆን ብዬ በጣም በጣም ጥሩ ነው አልኩ። ጣታቸው ወደ ጣሪያው ተነሥቶ ከግማሽ ተመለሰ። ሐጂ በክርናቸው ጎሸሙኝ፤ የሰው ትዳር ልታፈርስ ነው ወይ፣ አሉኝ በጆሮዬ። እውነታቸውን ነው። አፋቸው ቢያመልጣቸው ቦርሳዋ ወደ ጊንጪ ትመለሳለች። እናም ስም መቁጠራችንን ቀጠልን። ሰውየው ግን ከዝምታቸው የተነሣ ከስተው ኮታቸው ትከሻቸው ላይ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል። እትዬ አስካለችም ይህን እያዩ ሲያልፉ ኮቱን ያቃኑላቸዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነው የዋቅጋሪ ላም የታመመችው።

ዋቅጋሪ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሹፌር ነው። መሪውን ሲተው በተጠራቀመው አንዲት የፈረንጅ ላም ገዛ። ስለ ላም የሚያውቀው ስለ አይሱዙ ከሚያውቀው ጋር አንድ ነው፤ ነዳጅ ትጨምራለህ፣ ትነዳለህ። የዓመቱ መጨረሻ ገደማ፣ በገበያ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ደንበኛ ሱቄን ሞልቶታል። ኦቦ ደቻሳና እትዬ አስካለች ከገበያ ሲመለሱ ዝናቡ ይዟቸው አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠዋል። ዋቅጋሪ ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። ላሟ እርጥብ የማጌት ሣር ስትግጥ ውላ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ልትወድቅ ነው። «ማሎ፣ ጉርሙ፣ ማሎ፣ ቶሎ» ይለኛል ስሜን እየጠራ፤ ማሎ እባክህ ማለት ነው፤ ልመናው ሁሉ እሱ ብቻ ሆኗል። የሆድ መነፋት መድኃኒት ጠርሙስ አወረድኩለት። ሙሉውን አጠጣት አልኩትና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞርኩ። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን አላጠፋም።

ኦቦ ደቻሳ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ተመሳሳይ ጠርሙስ አንሥተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ያነቡ ነበር። ልማዳቸው ነው። ድንገት ቀና አሉ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ቀጥለው የሚሮጠውን ዋቅጋሪን። አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩና ዘጉት፤ ማረም መሐላ ማፍረስ ነው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ያዙ፤ ጠርሙሱ መሃላቸው ነው። ሰው ቃሉን ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ታፍኖ ሲጠብቅ ግን አላየሁም።

«ቆይ፣ አንተ ዋቅጋሪ» አለ አንድ ድምፅ።

ያ የማይሰማው ድምፅ ነው።  እትዬ አስካለች ብድግ ብለዋል።

«እንዴት ነው የምታጠጣት?»

«በአፏ ነዋ፣ ኣዴ» አለ ዋቅጋሪ ግራ ገብቶት።

«እሱ በየት ነው። እኔ እንዴት ነው ያልኩህ። ቀስ ብለህ ነው፣ ተጣድፈህ ነው?»

ተጣድፌ ነዋ፣ ልትሞትብኝ አይደል እንዴ አለ። ያኔ ነው ያጠፋሁት የገባኝ። በችኮላ የተንቆረቆረ መድኃኒት በጉሮሮ ፈንታ ሳንባ ይገባል፤ በሆዷ ያልሞተች ላም በሳንባዋ ትሞታለች። ኦቦ ደቻሳ ጠርሙሱን ዝም ብለው ወደ እኔ ዘረጉት፤ ጣታቸው ከጥቃቅኑ ጽሑፍ መሃል አንዲት ቃል ላይ ነው። ስሎውሊ። ቀስ ብሎ። እንዲህ በል አልኩት ዋቅጋሪን፤ ራሷን ሽቅብ አታንጋጥጥ፣ በከንፈሯ ጥግ ጥቂት ጥቂት አድርግ፣ ስትውጥ እያየህ ቀጥል፣ ካሳላት አቁም። ደግሞ እስኪነግረኝ አልለቀቅሁትም። ከዚያ በዝናቡ ሄደ።

 ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ሚስታቸውን እንደ አዲስ መጽሐፍ ነበር የሚያዩዋቸው። እትዬ አስካለች ተመልሰው ተቀመጡና የጎመን ዘንቢላቸውን ወደ እግራቸው ሳቡ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ» አሉን። «እኔ አልማልኩም።»

ላሟ ቆመች። ዋቅጋሪ በማግስቱ ነገረን፤ እንዴት ቆመች ሳንለው፣ በቀስታ ነው የቆመችው አለን።

መስቀል ደረሰ። መሐላው የሚፈታበት ቀን ነውና ከሰዓት በኋላ ሐጂና እኔ እነ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄድን። ሁለቱም አዲስ ልብስ ለብሰዋል። የኦቦ ደቻሳ ኮት ትከሻቸው ላይ ልክ ሆኗል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ፈርቼ ነበር። ያ ሁሉ የታፈነ እንዴት በአንድ ጊዜ ቢፈነዳ ግድግዳውን ይወስደዋል። እትዬ አስካለችን አየሁ፤ የሚጓዙባት ያቺ ቦርሳ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት፣ ከወለል ላይ አይደለችም። ግን ቦርሳ ለማውረድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽምግልና የሚዘጋው ለተበዳይ በሚቀርብ ጥያቄ ነውና ወደ እትዬ አስካለች ዞሩ። ታረቃችሁ ወይ አሉ።

«ታርቀናል» አሉ እትዬ አስካለች።

ሁላችንም ወደ ኦቦ ደቻሳ ዞርን። አንዲት ግሥ እዚያ ቤት መሃል ለብቻዋ ቆማለች፣ ራቁቷን፣ ያለ ማንም። ኦቦ ደቻሳ አፋቸውን ከፈቱ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሚስቴን ለምን ይዤ አልመጣሁም አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻዬን መስማት ከበደኝ መሰለኝ።

«በጣም» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

ያ የሰነፍ ምርኩዝ። ሐጂን ትራስ አስታቅፎ ያስቆመው ቃል። ያረጀ፣ ማንም የሚለው፣ የሚለውን ያጣ ሰው የሚለው። እትዬ አስካለች ወደ እሳቸው አላዩም። የነጠላቸውን ጫፍ አጣጠፉ፣ ፈቱት፣ እንደገና አጣጠፉ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «በሸነን ጊዜም እንደዚያ ብትል ምን ነበር።»

ከዚያ ለደመራው ቅሪት ሰው ወደሚሰበሰብበት ወጣን። በበሩ ላይ ኦቦ ደቻሳ ቆም አሉና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ባርኔጣ ብቻ ላነሡለት ሰፈር አካም ቡልቴ፣ እንዴት ናችሁ፣ አካም፣ እንዴት ከረማችሁ እያሉ ዕዳቸውን መክፈል ጀመሩ። እኔን ደግሞ በትከሻቸው ላይ ዞር ብለው «ጉርሙ፣ በሚቀጥለው እሁድ ወደ ሰምታይምስ ጠጋ በል» አሉኝ። ሃምሳን ያለፈ ሰው፣ የሱቅ ባለቤት፣ የልጆች አባት ነኝ፤ እግሬ መሬት አልነካም።

ሁለቱ ቀደም ቀደም ብለው ይሄዳሉ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ግሡን ለብቻው አልተወውም። ቀስ ብለው፣ ጎን ለጎን፣ ኮቱ በእትዬ አስካለች እጅ እየተቃና ነው የሚሄዱት።